ሄልሜት የለመደ ልጅ ከራግቢ ምን ይማራል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜዬ የልጅ ልጆቼ ነው። ባለፈው መስከረም ማብቂያ ላይ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ወደምትኖረው ልጄ ዘንድ ሄጄ እስከ መጋቢት ቆየሁ። ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንጂ ስለ ስፖርት የሚያወራ ነገር አልነበረም። ስመለስ ግን አእምሮዬ በፉትቦልና በራግቢ ወሬ ተሞልቶ ነው የተመለስኩት። በአሜሪካ የሚማሩ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏችሁ አንባብያን፣ ይህ ጉዳይ አንድ ቀን እናንተም ቤት መግባቱ አይቀርምና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የልጅ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። እኛ ኳስ ጨዋታ የምንለው አይደለም። እንደ ሎሚ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ሌላው ደግሞ ሮጦ ደርሶ የሚጥልበት ጨዋታ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ላይ ሄልሜት፣ ትከሻቸው ላይ ወፍራም መከላከያ ስለሚያደርጉ ከሩቅ ሲታዩ ለጦርነት የወጡ ይመስላሉ።

በጥቅምት ወር አንድ ዓርብ ምሽት ግጥሚያ ነበረው። እናቱ የማታ ተረኛ ነበረች። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከከተማ ወጥቷል። እኔ የጓደኛውን እናት ተከትዬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። በጨዋታው መሀል ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ሊጥል ሲል አንገቱን ደፋና በራሱ ገባበት። የሁለት ሄልሜት ድምፅ ተሰማ። የኔው ልጅ ቶሎ አልተነሣም። ሲነሣም እግሩ ትንሽ ተንገዳገደ። ከዚያ ግን እጁን አወዛውዞ ጨዋታውን ቀጠለ።

ቤት ስንገባ ራት አልበላም አለ። የክፍሉን መብራት አጠፋ። ትንሽ ቆይቶ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያስመልስ ሰማሁት። ገብቼ ስጠይቀው እጄን ይዞ፣ "እባክሽ እማማ፣ ለማሚ እንዳትነግሪያት። ካወቀች አታጫውተኝም" አለኝ።

እኔም አልነገርኳትም። ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ አተነፋፈሱን ሳዳምጥ አደርኩ። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢመጣልኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት ሐኪም ዘንድ አደርሰው ነበር። ራሱን ተመትቶ ያስመለሰ ልጅ ለነገ አይባልም። የገዛ የልጅ ልጄ ሲሆን ግን ከእናቱ ጋር እንዳይጣላ ብዬ አሳደርኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ ነገር አልደረሰም። ጠዋት እናቱ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። ልጁ ለሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ልጄ ደግሞ፣ "እማዬ፣ አንቺ ነርስ ሆነሽ!" ያለችኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሐኪሙ ያገኘው ኮንከሽን የሚባለውን የአእምሮ መናወጥ ነው። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በዚህ ረገድ ጠንካራ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዛካሪ ሊስቴት የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ራሱን ተመትቶ ሳለ ወደ ጨዋታ ተመልሶ ከባድ የአእምሮ ጉዳት ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በ2009 በስሙ የተሰየመ ሕግ ወጣ። ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። ዛሬ በሁሉም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አለ። የኛም ልጅ የቀረውን የጨዋታ ዘመን ተቀምጦ ጨረሰው።

በጥር ወር ግን አዲስ ነገር መጣ። ከቡድኑ ረዳት አሰልጣኞች አንዱ፣ "ሐኪም ከፈቀደለት በፀደይ ራግቢ ቢጫወት ይጠቅመዋል። ታክል ማድረግን ደህና አድርጎ ይማራል" አለ። ታክል ማለት ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣል ነው። ልጄ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "ሄልሜት አድርጎ የተጎዳውን ልጅ፣ ሄልሜት ወደሌለበት ልላከው?" አለች። እውነት ለመናገር እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሁለታችንም ግን ስለ ራግቢ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ እምቢ ከማለታችን በፊት እንወቀው ተባባልን።

የአንድ ቤት ልጆች

መጀመሪያ የተረዳሁት ሁለቱ ጨዋታዎች ወንድማማች መሆናቸውን ነው። ራግቢ ስሙን ያገኘው እንግሊዝ ውስጥ ካለው ራግቢ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሕጉ እዚያ በጽሑፍ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። በ1874 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሃርቫርድ ድረስ ሄደው ተጫወቱ፤ ጨዋታውም በአሜሪካ ኮሌጆች ተወደደ። ቀጥሎ በ1880ዎቹ ዋልተር ካምፕ የተባለ የዬል ሰው ሕጉን እየለወጠ ዛሬ የአሜሪካ ፉትቦል የምንለውን መልክ አስያዘው።

አዲሱ ጨዋታ ግን ጨካኝ ሆነ። በ1905 የብዙ ወጣቶች ሕይወት በመጥፋቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ኮሌጆችን ኃላፊዎች ዋይት ሃውስ ጠርተው አነጋገሩ። በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ኳስን ወደፊት መወርወር ተፈቀደ። በካሊፎርኒያ ስታንፎርድና በርክሌይ ደግሞ ፉትቦልን ለተወሰኑ ዓመታት ትተው ራግቢ ተጫወቱ። አሜሪካ በ1920 እና በ1924 ኦሎምፒክ በራግቢ ወርቅ ስትወስድ ከተጫዋቾቿ ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ አሰልጣኙ የልጅ ልጄን ወደ ባዕድ ቤት አልነበረም የላከው፤ ወደ ጨዋታው አያት ቤት ነው።

ሄልሜት የሚያደርገውና የማያደርገው

ከልጄ ጋር ብዙ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው። ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይከላከላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አእምሮ ግን ቅሉ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ዕንቁላል አስኳል ነው። ዕንቁላሉን በጥጥ ጠቅልላችሁ ብትነቀንቁት ቅርፊቱ አይሰበር ይሆናል፤ አስኳሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይናወጣል። ኮንከሽን ይህ ነው። ለዚህም ነው ኮንከሽንን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ሄልሜት የሌለው።

ሌላም ችግር አለ። ራሱ የተሸፈነ ልጅ ራሱን እንደ መዶሻ መጠቀም ይጀምራል። የፉትቦል ሄልሜት እየጠነከረ ሲሄድ ተጫዋቾች በራሳቸው መግጨት ለመዱ፤ አንገታቸው ተሰብሮ ሽባ የሆኑም ነበሩ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1976 በኮሌጅና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በራስ መግጨት በሕግ ተከለከለ፤ ከዚያም እንዲህ ያለው ጉዳት በጣም ቀነሰ። የቀነሰው ሌላ ሄልሜት ተጨምሮ ሳይሆን የአመታቱ ልማድ ተለውጦ ነው። ይህን ሳነብ የኔው ልጅ አንገቱን ደፍቶ የገባበት ምሽት ትዝ አለኝ።

ከራግቢ የሚቀሰም ትምህርት

በየካቲት ዝናብ ጃንጥላ ይዤ የራግቢ ልምምድ ለማየት ሄድኩ። ያየሁትንና ያነበብኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛው ታክል ነው። በራግቢ ሕግ ታክል የሚያደርገው ሰው በክንዱ ማቀፍ አለበት፤ ሳያቅፍ በትከሻ ብቻ መግጨት ጥፋት ነው። ከትከሻ በላይ አንገትና ራስ መያዝም ያስቀጣል። ራሱ ያልተሸፈነ ልጅ ደግሞ ጭንቅላቱን የት ማስቀመጥ እንዳለበት ቶሎ ይማራል። አሰልጣኙ በጉልበታቸው አንበርክኮ ቀስ ብለው ሲያለማምዳቸው አየሁ። ዓይን ወደ ላይ፣ አንገት ቀጥ፣ ትከሻ በተጋጣሚው ጭን ላይ፣ ጉንጭ ከተጋጣሚው መቀመጫ ኋላ፣ ክንድ ጥቅልል። ጭንቅላት በምንም መንገድ ከፊት አይቀድምም።

ይህን ከፉትቦል ታላላቆች የሲያትሉ ሲሆክስ ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈው ይህ ቡድን፣ በዚያው ዓመት አሰልጣኙ ፒት ካሮል ከራግቢ የተወሰደውን በትከሻ የመጣል ዘዴ ለወጣት ቡድኖች የሚያስተምር ቪዲዮ አወጣ። በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ፣ በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ አለ። የተወሰኑ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ሄልሜት ሳያደርጉ ለአምስት ደቂቃ ያህል የታክል ልምምድ አዘውትረው እንዲሠሩ ተደረገ። በጨዋታው ዘመን መጨረሻ በራሳቸው ላይ የሚያርፈው ምት ከቀሩት ጓደኞቻቸው ጋር ሲነጻጸር በ28 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ በ50 ተጫዋቾች የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። በፉትቦል አንድ ሙከራ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ከዚያ ሁሉም ቆሞ ይመካከራል። በራግቢ ኳስ የያዘው ቢወድቅም ጨዋታው አይቆምም፤ የወደቀው ኳሱን ለቆ፣ ተነሥቶ ይሮጣል። ሙሉው ጨዋታ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሰቨንስ የሚባለው በሰባት ሰው የሚደረገው ደግሞ ሁለት ጊዜ ሰባት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ ሜዳው ያው ሙሉ ሜዳ ስለሆነ ልብ ያፈርሳል። በፀደይ ራግቢ የተጫወተ ልጅ በመስከረም ፉትቦል ሲጀምር ጉልበቱ ቶሎ አይከዳውም። የደከመ ልጅ አንገቱን እንደሚደፋ፣ አያያዙም እንደሚበላሽ ደግሞ ማንም ያውቃል።

ሦስተኛው እጅና ዓይን ነው። በፉትቦል ከፊት መስመር ቆሞ የሚገፋ ልጅ የጨዋታ ዘመኑን ሙሉ ኳስ ላይነካ ይችላል። በራግቢ ግን ወፍራሙም ቀጭኑም ኳስ ይይዛል፣ ይሮጣል፣ ያቀብላል፣ ይጥላል። ኳስ በእጅ ወደፊት ማቀበል ስለማይፈቀድ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሮጥና ማን ከጎኑ እንዳለ ሁልጊዜ ማየት አለበት። ከዳር ቆሞ እያንዳንዷን እርምጃ የሚያዝለት አሰልጣኝም የለም፤ ራሱ ነው የሚወስነው።

በር በሁለቱም በኩል

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ኔት ኤብነር የተባለው አሜሪካዊ ልጅነቱን ያሳለፈው በራግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ወደ ፉትቦል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ መረጠው። ታዋቂ የሆነውም ሰፊ ሜዳ ላይ ሮጦ ደርሶ በመጣል ነው። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ለአገሩ ራግቢ ሰቨንስ ተጫወተ፤ በ2017 የካቲት ደግሞ ከቡድኑ ጋር ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ጆርዳን ማይላታ ሲድኒ ውስጥ ራግቢ ሊግ ሲጫወት ያደገ አውስትራሊያዊ ነው። በ2018 ፊላዴልፊያ ኢግልስ ሲመርጠው አንድም የፉትቦል ግጥሚያ ተጫውቶ አያውቅም ነበር፤ በ2025 ግን የሱፐር ቦውል አሸናፊ ሆነ። ፔሪ ቤከር በተቃራኒው ፉትቦልን ትቶ ራግቢ ገባና በ2017 እና በ2018 የዓለም ምርጥ የሰቨንስ ተጫዋች ተባለ።

ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁ እነዚህን ይሆናሉ ብዬ አይደለም። አብዛኞቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው መጫወት ያቆማሉ። ያን ጊዜ ደህና ጉልበትና ደህና አእምሮ ይዘው መውጣታቸው ነው ለእኛ ሱፐር ቦውል።

ራግቢም ጉዳት አለው

አሁን የነርስነቴን ልናገር። ራግቢ ከፉትቦል ያነሰ አደጋ አለው ብዬ አልጽፍም። በራግቢም ኮንከሽን ብዙ ነው፤ ትከሻ ይወልቃል፣ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። በመጸው ፉትቦል፣ በፀደይ ራግቢ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲመታ ይከርማል። ሰውነት ዕረፍት ይፈልጋል። ልጄ ይህን ስትል ልክ ነበረች፤ እኔም አረዳዷን ደገፍኩ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ምንም አይነካም። ከተፈቀደለትም መጀመሪያ መጣል በሌለበት፣ በእጅ በመንካት ብቻ በሚደረገው የራግቢ ዓይነት ይጀምራል። ታክልን በዝግታ በልምምድ ይማራል። ግጥሚያ የሚገባው አሰልጣኙ አያያዙን አይቶ ሲፈቅድና እናቱ ስትስማማ ነው። እርሱም አንድ ነገር ቃል ገባ፤ ራሱን ከተመታ አይደብቅም።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ አሰልጣኙን ታክል እንዴት እንደሚያስተምር ጠይቁት፤ ከተቻለ ሄዳችሁ እዩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ጉልበት የሚያጋጭ አሰልጣኝ አይሁንባችሁ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሲመታ ማን እንደሚያየው፣ ማን ከሜዳ እንደሚያወጣው ጠይቁ። ለጥርሱ የሚያደርገው መከላከያ ይኑረው፤ የጥርስ መከላከያም ሆነ ራግቢ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ለስላሳ ቆብ ግን ኮንከሽን ያስቀራል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ብርሃን መጥላት፣ መደናገር፣ የሆነውን መርሳት፣ ያልተለመደ ንጭንጭና ድካም። ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም አልነቃ ካለ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። አሜሪካ ከሆናችሁ 911 ደውሉ።

አራተኛ፣ አመላለሱ ደረጃ በደረጃ ይሁን። ቀላል እንቅስቃሴ፣ ሩጫ፣ ንክኪ የሌለበት ልምምድ፣ ከዚያ ሐኪም ሲፈቅድ ንክኪ ያለበት ልምምድ፣ በመጨረሻ ግጥሚያ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ከደረሰ ለሕይወት ያሰጋል።

አምስተኛ ለእኛ ለአያቶች ነው። ልጅ፣ "ለማሚ እንዳትነግሪ" ሲለን ደስ ይለናል፤ የታመንን ይመስለናል። የከረሜላ ምስጢር እንያዝለት። የራስ ምት ምስጢር ግን ምስጢር አይደለም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ የመጨረሻውን ልምምድ አየሁ። ዝናቡ ያካፋል፣ ሜዳው ጭቃ ነው። የኔው ልጅ ከእርሱ የሚበልጥ ልጅ ጭን ላይ ትከሻውን አሳርፎ፣ ራሱን ወደ ጎን አድርጎ፣ አቅፎ ጣለው። ሁለቱም እየሳቁ ተነሡ። እናቱ ክንዴን ጨብጣ ስለነበር የጣቶቿ ምልክት ቀርቶብኛል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጓደኞቹ አንዱ ወድቆ ሲነሣ ተንገዳገደ፤ "ደህና ነኝ" እያለም ወደ ቦታው ሮጠ። የልጅ ልጄ እጁን አንሥቶ አሰልጣኙን ጠራ። ልጁን ከሜዳ አወጡት፤ እየተነጫነጨ ወጣ። ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ትንሽ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ "እማማ፣ ነገርኩበት እኮ። አሁን አያናግረኝም" አለኝ።

"ስንት ቀን?" አልኩት።

"አንቺን ስንት ቀን ነበር ያላናገርኩሽ?"

"ሦስት" አልኩት። እናቱ መሪውን እንደያዘች ሳቀች፤ ይህኛው የደስታ ሳቅ ነበር። ለመጪው መስከረም የፉትቦል ፈቃድ ወረቀት ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልፈረመችም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ይጠብቃታል።

ቸር እንሰንብት።